የወፍጮዋ ሴት ልጅ ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ስልኬ ላይ ኦሪት ዘፀአትን ማንበብ ጀምሬ ነበርና አሥሩ መቅሠፍት ጋ ስደርስ እውነት ለመናገር ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት፣ ፈርዖን የእጁን ሲያገኝ። ከዛ ምዕራፍ 11 ላይ በዙፋኑ ከተቀመጠው ከፈርዖን በኩር ጀምሮ ወፍጮ ላይ እስካለችው ባሪያ በኩር ድረስ ይሞታል ይላል። እዛ ላይ ቆምኩ። እሷም እኮ ባሪያ ናት፣ ምን አጠፋች? እኔም አገር ቤት የተውኩት የመጀመሪያ ልጅ አለኝ፣ ለዛ ይሆናል እንቅልፍ የነሳኝ። ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ የፈርዖንን ልብ እያጸና መልሶ እንዴት ይቀጣዋል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙዎቻችን ይቺን ሴት ሳናያት ነው የምናልፈው፣ ደሙንና ጓጉንቸሩን ስንቆጥር። እናቶቻችን መጁን ይዘው ጎንበስ ቀና እያሉ ሲፈጩ ያየ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ጉልበት የሚጨርስ፣ ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፣ ሌላው ሳይነሳ በሌሊት የሚጀመር። በግብፅም ከሥራ ሁሉ የመጨረሻው ስለሆነ ነው ጥቅሱ ከዙፋኑ ጀምሮ እሷ ጋ የሚያበቃው፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው ከብት ነው።

ምን አጠፋች ላልሽው፣ መጽሐፉ አጠፋች አይልም። እኔም ጥፋት ፈልጌ አልለጥፍባትም። መጽሐፉ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። ወደ ምዕራፍ 9 ተመለሺና በረዶው ጋ አንብቢ። በረዶ ነገ ይወርዳል፣ ሜዳ ላይ ያለ ሰውም ከብትም ይሞታል፣ ወደ ቤት አስገቡ ተብሎ ቀድሞ ተነግሯል። ከፈርዖን ሹማምንት ቃሉን የፈራው ባሪያዎቹን ወደ ቤት አስገባ፣ ያልፈራው ሜዳ ላይ ተዋቸው ይላል። እስቲ አስቢው፣ የዛ ባሪያ ሕይወት የተንጠለጠለው ጌታው በሰማው ወይም ባልሰማው ነገር ላይ ነው፣ ራሱ ምንም የሚወስነው የለም። ባርነት ማለት ይሄው ነው፣ ጌታው ልቡን ሲያደነድን ዕዳው እሱ ላይ ይወርዳል። የወፍጮዋ ሴትም ሰባት ጊዜ ስምንት ጊዜ ሕዝቡን ልቀቅ ሲባል እምቢ ያለው ሰውዬ ቤት ውስጥ ነው ያለችው፣ እሷን ማንም አልጠየቃትም።

የልጆች ሞት በዚህ መጽሐፍ የጀመረውም በመቅሠፍቱ አይደለም። ምዕራፍ 1 ላይ ፈርዖን ዕብራውያን የሚወልዱትን ወንድ ልጅ ሁሉ ወንዝ ጣሉ ብሎ አዟል፣ ያዘዘውም ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡን ሁሉ ነው። መጀመሪያ አዋላጆቹን ሲፓራንና ፉሐን ነበር ግደሉ ያላቸው፣ እነሱ እግዚአብሔርን ፈርተው እምቢ አሉ። ንጉሥን እምቢ ማለት የቻሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ ማለት ነው፣ ይሄን ሳነብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ይሄ ሁሉ ግን የእናትን ልቅሶ እንደማያብስ አውቃለሁ። አይሁድ በፋሲካ ማታ መቅሠፍቶቹን እየጠሩ ለእያንዳንዱ ከጽዋቸው ጠብታ ወይን ያፈሳሉ፣ አሥር ጠብታ። ብዙዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ነጻ የወጣነው ሌሎች ሞተው ስለሆነ ደስታችን ሙሉ መሆን የለበትም የሚል ነው። የወፍጮዋ ሴት እዛ ጠብታ ውስጥ አለች ብዬ አምናለሁ።

ከወጡ በኋላ የተሰጣቸውን ሕግ ደግሞ እይ። ዘፀአት 23 ላይ በሰባተኛው ቀን ዕረፍ የተባለበት ምክንያት በሬህና አህያህ እንዲያርፉ፣ የሴት ባሪያህ ልጅና መጻተኛውም እንዲተነፍሱ ነው። የሴት ባሪያህ ልጅ ነው የሚለው! ዘዳግም 24 ደግሞ የሰው ወፍጮ ወይም መጁን መያዣ አድርገህ አትውሰድ፣ ነፍሱን መውሰድ ነውና ይላል። ሕጉ ባርነትን ጨርሶ አልከለከለም፣ ይሄንን ልደብቅሽ አልፈልግም። ግን ዘዳግም 23 ላይ ከጌታው ኮብልሎ አንተ ጋ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ፣ በመረጠው ቦታ ካንተ ጋ ይቀመጥ፣ አታስጨንቀው ይላል። ማዳሟ ፓስፖርቷን ይዛባት ከቤት የወጣች ልጅ ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃለች።

ስለ ፈርዖን ልብ ያልሽው ላይ፣ እግዚአብሔር ገና ምዕራፍ 4 ላይ ልቡን አጸናለሁ ብሎ ለሙሴ ነግሮታል፣ እውነት ነው። ግን መቅሠፍቶቹን ተራ በተራ ብታያቸው እስከ አምስተኛው ድረስ የፈርዖን ልብ ጸና ወይም ፈርዖን ራሱ ልቡን አደነደነ ነው የሚለው፣ እግዚአብሔር አጸናው የሚለው መጀመሪያ የሚመጣው ሻህኙ ላይ ነው፣ ስድስተኛው። ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ ጓጉንቸሩ ምድጃና ቡሃቃ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ፣ ሙሴ መቼ ልጸልይልህ ብሎ ቀኑን እንዲመርጥ ሲያደርገው ፈርዖን ምን አለ መሰለሽ? ነገ። አሁን ማለት ሲችል አንድ ሌሊት ከጓጉንቸር ጋር ማደርን መረጠ። ነገ ነገ እያለ ልቡን ያስለመደ ሰው ኋላ ላይ አሁን ማለት ቢፈልግም ልቡ አይታዘዝለትም፣ እኔ ያንን ጥቅስ የምረዳው እንደዚህ ነው፣ እግዚአብሔር የመረጠውን አጸናለት። አባቶች በዚህ ላይ ብዙ ብለዋል፣ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ብታወሪያቸው ደግሞ የበለጠ ያጽናናሻል። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ጥያቄ፦ እስራኤል የተሻገሩት ቀይ ባሕርን ነው ወይስ የኤርትራን ባሕር? የኔና የጓደኛዬ መጽሐፍ ቅዱስ ተለያየብን።

መልስ፦ አንድ ነው ወንድሜ አትጣሉ። ኤሪትራ በግሪክ ቀይ ማለት ነው፣ የግዕዙ መጽሐፍ ከግሪኩ ስለተተረጎመ ባሕረ ኤርትራ አለው፣ ጣሊያኖችም በ1890 እ.ኤ.አ. ለቅኝ ግዛታቸው ስም ያወጡት ከዚሁ ቃል ነው። ዕብራይስጡ ግን ያም ሱፍ ነው የሚለው፣ ከኛ የጾም ሱፍ ጋር አይገናኝም፣ የቄጠማ ወይም የደንገል ባሕር እንደማለት ነው። ዘፀአት 2 ላይ የሙሴ እናት ሕፃኑን በሣጥን አድርጋ ወንዝ ዳር ያስቀመጠችበት ቄጠማም በዕብራይስጡ ይሄው ሱፍ የሚለው ቃል ነው።