ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ድርቅ ብሎ ቆመብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ሱሉልታ አካባቢ ፎቶ ጀማሪ ነኝ። ባለፈው እሁድ 11 ሰው ያለበት ቤተሰብ ሜዳ ላይ አነሳሁ፣ ሁሉም እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ ጥለቱ ጠፋ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ብዥ አሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዥታው ቀላል ነው፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ በጣም ከፍተኸው ይሆናል፣ ለሁለት ረድፍ ቀዳዳውን አጥበብ አድርገህ ኤፍ 8 ላይ አድርገውና ፎከሱን ፊት ያሉት አይን ላይ ያዝ። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች አይን ስር ጥላ ትጥላለች ሰውም ፊቱን ያጨማድዳል፣ ስለዚህ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ቅጠራቸው ወይ ባህር ዛፍ ጥላ ውስጥ አስገባቸው። ለነጠላው ኤክስፖዠር (ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን) ቀነስ አድርግና በሮው (RAW፣ ካሜራው የያዘውን መረጃ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሳ፣ ፊታቸውን ኤዲት ስታደርግ ታበራዋለህ።

ዋናው ግን አቋቋሙ ነው። እኔ ሁሌ ከአያት ነው የምጀምረው፣ እማማን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሌላውን ዙሪያቸው እሰበስባለሁ፣ አንዱ ይቀመጣል አንዱ ይንበረከካል፣ ጭንቅላት እኩል እንዳይሰለፍ ብቻ፣ ህፃናት ቶሎ ስለሚሰለቹ መጨረሻ ላይ ነው የማስገባቸው። ደሞ «ሳቁ» አትበላቸው እባክህ፣ እርስ በርስ አስወራቸው! አንዴ ለገጣፎ ላይ አያትየው ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ ነካ አድርገው የልጅቷን ቅንድብ ሲያስተካክሉ ጠቅ አደረኩ፣ ቤተሰቡ ከ200 ፎቶ ውስጥ ያንን አሳጥቦ ሳሎን ሰቀለው።