የጋራ ቤት፣ የአንዱ የቀድሞ ዕዳ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ከአዲስ አበባ ዳር ነው። ባልና ሚስት ወይም ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ከኪራይ ለመውጣት ተጋግዘው ባንክ ሲሄዱ፣ የአንዳቸው የቆየ ዕዳ ይነሣና መንገዱ ይዘጋል። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ያሳሰበኝ ከዕዳው ይልቅ መደባበቁ ነው። ስድስቱን መርጫለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ሚኒባስ ለመግዛት ተበድሮ ነበር። መኪናው ተጋጭቶ ቆመ፤ ብድሩም ከአንድ ዓመት በላይ ሳይከፈል ቆየ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ያለውን ሸጦ ጨርሶ ከፍሏል። አሁን በሁለታችን ስም የቤት ብድር ስንጠይቅ «የባለቤትሽ ስም ችግር አለበት» ተባልን። እኔ መምህርት ነኝ፤ ዕዳ ኖሮብኝ አያውቅም። በእኔ ስም ብቻ ብጠይቅስ?

እህቴ፣ መጀመሪያ የተባለው «ችግር» ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ አለባችሁ። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይልካሉ፤ አዲስ ጠያቂ ሲመጣም ታሪኩን ከዚያ ይመለከታሉ። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፤ ከዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ የኪሳራ ረድፍ ውስጥ ይገባል። የባለቤትሽ እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ተበላሽቶ በኋላ የተከፈለ ብድርና እስከ ዛሬ ያልተከፈለ ብድር አንድ አይደሉም። ስለዚህ ባለቤትሽ ወደ ቀድሞው አበዳሪ ሄዶ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይውሰድ፤ ብድሩ በማዕከሉ መዝገብ ላይ መዘጋቱንም እንዲያረጋግጡለት ይጠይቅ። ዋናው ገንዘብ ተከፍሎ ትንሽ የቅጣት ወለድ ተረስቶ ከቀረ ብድሩ እንደ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ቶሎ ሊፈታ የሚችል ነገር ስለሆነ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን አጣሩ።

በአንቺ ስም ብቻ ስለሚለው፦ ሕጉ እንዳሰብሽው አይለቅሽም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። የጋራ ቤትን በመያዣነት ለመስጠትም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ባለቤትሽ ሳይፈርም የሚጠናቀቅ የቤት ብድር የለም ብለሽ አስቢ። ያለው መንገድ አንቺ ዋና ተበዳሪ ሆነሽ፣ የአንቺ ደመወዝ ብቻ ተሰልቶ፣ እሱ እንደ ትዳር ጓደኛ ስምምነቱን መስጠቱ ነው። ስምምነት መስጠትና አብሮ ተበዳሪ መሆን ይለያያሉና ውሉ የትኛውን እንደሚል ቃል በቃል አንብቡ። የቤቱ ዋጋ እንዲገመት የሚጠየቀውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት «የስምምነት ሰጪውን የብድር ታሪክ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ባንክ ቢመልሳችሁ ሌላውን ሞክሩ፤ ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመም አለ። የሚኒባሱን ታሪክ ግን እናንተው አስቀድማችሁ፣ ደብዳቤውን ይዛችሁ ተናገሩ። ባለሙያዋ በኮምፒውተሯ ላይ አይታው ስትጠይቃችሁ መመለስና እናንተ አንሥታችሁት ማስረዳት በፍጹም አንድ ስሜት አይሰጡም።

ከአያት፦ ለጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ፈርሜ ነበር፤ እሱ ጠፋ፤ ዕዳው በእኔ ላይ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነው። እጮኛዬ ቤት ለመግዛት ለዓመታት ዕቁብ ስትጥል ቆይታለች። ይህን አታውቅም። ልንገራት?

ዛሬ ንገራት፣ ወንድሜ። እኔም አንድ ጊዜ ለሥራ ባልደረባዬ ፈርሜ፣ ባለቤቴ ነገሩን ያወቀችው ቤት ከመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ገንዘቡ በሁለት ዓመት አለቀ፤ «ለምን አልነገርከኝም?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ። አንተ ገና ጊዜ አለህ።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ከሆነ አበዳሪው ጓደኛህን ሳይፈልግ በቀጥታ አንተን መጠየቅ ይችላል። ከተጋባችሁ በኋላ ደግሞ የግል ዕዳህ መጀመሪያ ከግል ንብረትህ፣ እሱ ካልበቃ ከጋራ ንብረታችሁ ሊጠየቅ ይችላል። የእሷ የዓመታት ዕቁብ የጋራ ቤት በሆነበት ቀን ያንተ ዋስትና ደጁ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበል፤ በየወሩ መክፈል የምትችለውን መጠን ይዘህ ከአበዳሪው ጋር ተስማማ፤ ወረቀቱንም ለእጮኛህ አሳያት። የከፈልክበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጥ፤ የከፈለ ዋስ ከዋናው ባለዕዳ የመጠየቅ መብት አለውና ጓደኛህ የተገኘ ቀን ይጠቅምሃል። እሷ ከጋብቻ በፊት ያጠራቀመችው የግሏ ሆኖ እንዲቀጥል ከፈለገች የጋብቻ ውል ማድረግ ትችላላችሁ። ይህን ሐሳብ አንተ ብታቀርበው ደግሞ ምን ያህል እንደምታስብላት ታያለች።

ከአያት አካባቢ፣ ሌላ አንባቢ፦ አንድ ደላላ 40,000 ብር ብሰጠው ስሜን ከብሔራዊ ባንክ መዝገብ እንደሚያስፍቅልኝ ነገረኝ።

አይስጡ። መረጃውን የላከው አበዳሪዎ ነው፤ ስሕተት ካለበትም እርማቱ የሚጀምረው ከእሱ ነው። በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የደረሰበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ። ያን 40,000 ብር ከዕዳዎ ላይ ቢከፍሉት ይሻላል።

ከጀሞ፦ ሳንጋባ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። የእሱ የብድር ታሪክ መጥፎ ስለሆነ እኔ «ያላገባ» ማስረጃ አውጥቼ ለብቻዬ ልበደር ነው። ችግር አለው?

ማስረጃው ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉውን እውነት አይናገርም። እንደ ባልና ሚስት ሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት በሕጉ የጋራ ነው። ነገ ብትለያዩ እሱ የቤቱን ድርሻ ይጠይቃል፤ ብድሩን የመክፈል ግዴታ ግን ለባንኩ የፈረምሽው ያንቺ ነው። ይህን ሚዛን አስቢበት። ለባንኩ ያለውን ሁኔታ ንገሪ፤ በየወሩ እሱ የሚያዋጣውንም በባንክ በኩል አድርጉት።

ከኮዬ ፈጬ፦ የኮንዶሚኒየም ዕጣዬ ወጥቶልኝ ገብቻለሁ። ባለቤቴ ሥራ ከቆመበት ወዲህ ሁለት ወር አልከፈልንም። ባንኩ ስልክ ሲደውል አላነሣም።

እማማ፣ ስልኩን ያንሡ፤ እንዲያውም ነገ ጠዋት ራስዎ ይሂዱ። ገና 90 ቀን አልሞላም። ከዚያ በፊት የሄደ ሰው የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት ለመነጋገር የተሻለ ዕድል አለው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እዚያ እስኪደርስ አይጠብቁ። የባለቤትዎን የሥራ ስንብት ደብዳቤና ትንሽም ቢሆን የሚከፍሉትን ገንዘብ ይዘው ይግቡ።

ከለገጣፎ፦ በአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ ስለምንበደር የወር ክፍያው እንዲቀንስ ከ15 ዓመት ይልቅ 20 ዓመት ይሻላል? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግስ ለእኛ ይሠራል?

በምሳሌ ላስላው። 2 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ቢወሰድ የ20 ዓመቱ የወር ክፍያ 26,300 ብር ገደማ፣ የ15 ዓመቱ 28,000 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ በወር 1,700 ብር አይሞላም፤ በጠቅላላው ግን 20 ዓመት የመረጠው ወደ 1.3 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ይከፍላል። 1,700 ብሩ በእርግጥ የሚያጣብቃችሁ ካልሆነ 15 ዓመቱን ያዙ። ሕጉን በተመለከተ፣ አዋጅ 213 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ለገጣፎ የምትገኝበት ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለውና ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ያለ ጠበቃ አማክሩ።