ስፔን ለምትኖሩ፦ ከመልበሳችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁ

ስፔን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሠርጓ ላይ ጠራችኝ። ደስ ብሎኝ ካለኝ ሁሉ ምርጡን አወጣሁ፤ እናቴ የላከችልኝን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ። ለእኛ ነጭ የደስታ ልብስ ነው። እዚህ ግን በሠርግ ቀን ነጭ የሙሽራዋ ብቻ ነው። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። የሙሽራዋ አክስት ናቸው እጄን ይዘው ቀስ ብለው የነገሩኝ። ቀኑን ሙሉ ከፎቶ ስሸሽ ዋልኩ።

እህቶቼ፣ የሐበሻ ቀሚስ መልበስ ካማራችሁ ባለቀለሙን ልበሱ። ካልሆነም ሙሽራዋን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደንቡ ለቀን ሠርግ አጭር ቀሚስ፣ ለማታ ረጅም ነው። ወንዶች ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ።

ስፔኖች ዘና ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ለልብስ ግን ቀን ይለያሉ። በጸሎተ ሐሙስ ሴቪያ ብትገኙ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ታያላችሁ። ጸጉራቸው ላይ ረጅም ማበጠሪያ ይሰካሉ፤ በላዩ ጥቁር የዳንቴል ሻሽ ያደርጋሉ። ሻሹን ማንቲያ ይሉታል። የክርስቶስን ሕማም የሚያስቡበት የሐዘን ልብስ ነው። ነጠላ አዘቅዝቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትልበሱት።

ብዙውን ጊዜ ከፋሲካቸው ሁለት ሳምንት በኋላ ያቺው ከተማ በቀለም ትጥለቀለቃለች። ፌሪያ የሚሉት የከተማዋ ዓመታዊ ድግስ ነው። እኔ ከስፔን ልብስ ሁሉ የምወደው የዚህን ቀን ቀሚስ ነው፤ ታሪኩን ስሰማ ደግሞ የበለጠ ወደድኩት። ፌሪያው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲጀመር የከብት ገበያ ነበር። ሂታኖ የሚባሉት የስፔን ሮማዎችና የገጠር ሴቶች ለሥራ የሚመቻቸውን፣ ጫፉ ሽንሽን የሆነ ቀላል የጥጥ ቀሚስ ለብሰው ይመጡ ነበር። ባለጸጎቹ አይተው ወደዱት። ከ1929ኙ የሴቪያ ኤግዚቢሽን በኋላ የፌሪያው የክብር ልብስ ሆነ። የድሃ ሴቶች የሥራ ልብስ ነው እንግዲህ ዛሬ አገር የሚኮራበት። ትከሻ ላይ የሚጣለው ባለጥልፍ የሐር ሻርፕም የመጣው ከቻይና ነው፤ በፊሊፒንሷ ማኒላ በኩል በመርከብ ስለገባ ማንቶን ደ ማኒላ ተባለ።

የውጭ ሰው ቢለብሰው አይከፋቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ግን ቱሪስት ሱቅ የተሰቀለውን ስስ ባለነጠብጣብ ቀሚስ አትግዙ። ጥሩው ወገብና ዳሌ ላይ ልክክ ብሎ ከታች ነው የሚበተነው። ዋጋው ብዙ መቶ ዩሮ ሊደርስ ስለሚችል ያገለገለ ፈልጉ ወይም ከጓደኛ ተዋሱ። የሰፈር ልብስ ሰፊ በልካችሁ ያስተካክለዋል። ወንድሞቼ፣ አጭሩ ጃኬትና ሰፊው ባርኔጣ የፈረሰኛ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሙሉ ልብስ ይለብሳል። ፌሪያው የሚከበርበት አብዛኛው ድንኳን የግል ስለሆነ የሚጋብዛችሁ ሰውም ቀድማችሁ ያዙ።

ለሳን ፈርሚን በዓል ፓምፕሎና ከተማ ከሄዳችሁ ግን ነጭ በነጭ ልበሱ፤ እዚያ ነጭ ይፈለጋል። ቀዩን ስካርፍ ጁላይ 6 እኩለ ቀን ላይ ርችቱ እስኪተኮስ አንገታችሁ ላይ አትቋጥሩት። እስከዚያ እጃችሁ ላይ ይቆይ።

ስለ ዘወትር ልብስ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1975 ላ ኮሩኛ የተከፈተው ዛራና በ1984 ባርሴሎና የተከፈተው ማንጎ የሚባሉት የልብስ ሱቆች የአገሩ ልጆች ናቸው፤ በየከተማው ታገኟቸዋላችሁ። ባርሴሎና ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ወጥታችሁ በዋና ልብስ መንገድ ላይ እንዳትሄዱ፤ ያስቀጣል። ሬባሃስ የሚሉት ትልቁ ቅናሽ የጃንዋሪ 6ቱ የሰብአ ሰገል በዓል እንዳለፈ ይጀምራል። ካፖርት የምትፈልጉ እስከዚያ ታገሱ። ሁለተኛው በጁላይ መጀመሪያ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሠርግ የተጠራችሁ ረጅሙን ቀሚስ ያኔ ግዙ፤ አገር ቤት ለምትልኩትም ስጦታ ጥሩ ጊዜ ነው።