ፔትራ ባንድ ቀን አልጠፋችም

ሰላም ወንድሜ፣ በዛሬዋ ዮርዳኖስ ያለችውን ጥንታዊት የዓለት ከተማ ፔትራን ባዶ ያስቀራት የመሬት መንቀጥቀጡ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እሱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ363 የደረሰው መንቀጥቀጥ ከባድ ነበር። ቲያትሩን ጨምሮ ብዙ ሕንፃ ፈርሷል። ሰዉ ግን ነቅሎ አልሄደም። በ1993 እዚያው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ የከሰሉ የፓፒረስ ጥቅልሎች ተገኙ። የተጻፉት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለ ምን መሰለህ? ስለ ውርስ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬትና ግብር! ከመንቀጥቀጡ ወደ 200 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ዋናው ነገር ንግዱ ይመስለኛል። ፔትራን ዋና ከተማቸው ያደረጉት ጥንታዊ ዓረቦች፣ ናባታውያን፣ የከበሩት ከደቡብ ዓረቢያ ዕጣንና ከርቤ የጫኑ ግመሎች በደጃቸው ስለሚያልፉ ነበር። ሮማውያን በ106 አገሩን ያዙ። ዕቃውም እየቆየ በቀይ ባሕር በመርከብ መሄዱን አበዛ። በሶርያ በረሃ ያለችው የንግድ ከተማ ፓልሚራም በሰሜን በኩል ገበያውን ተሻማች።

ውኃውንም አትርሳ። ያ በረሃ ሰው የሚያኖረው በዓለት ላይ በተጠረቡ ቦዮች፣ በሸክላ ቧንቧዎች፣ በጉድጓዶችና ጎርፍ በሚመልሱ ግድቦች ነበር። ይህ ሁሉ በየጊዜው መጠረግና መጠገን አለበት። ገንዘብ ሲደርቅ ማን ይጠግነዋል? መንቀጥቀጡ የጎዳው እንግዲህ ቀድሞም አቅሟ የደከመን ከተማ ነው።

ደግሞ ፈጽሞ ባዶ ሆናለች ማለትም ይከብደኛል። ቡርክሃርት የሚባለው ስዊዛዊ በ1812 «አገኛት» ሲባል፣ መንገዱን እየመራ የወሰደው የአካባቢው ሰው ነበር። በዋሻዎቹ ውስጥ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የበደዊን (የበረሃ ዘላን ዓረቦች) ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር።