ሲስተርን ይጠይቁ፦ «እናቴ ክኒን አትወድም፣ ታዲያ እንዴት መድኃኒት ለመደች?»

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ የሽንት ኢንፌክሽን ተብላ ሲፕሮ የሚባል ክኒን ተሰጣት፣ ትንሽ ቀለል ብሏት ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ተቀየረላት እሱም አልሰራም። ብርድ ብርድ ሲላትና ሲያተኩሳት ሆስፒታል አስተኛናት፣ ካልቸር የሚባል፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያይ ምርመራ ተሰራና «መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው» ብለው በቀን 3 ጊዜ የሚወጋ ሜሮፔነም የሚባል መርፌ አዘዙ፣ ብሩን ከእድር ተበድረን ነው የገዛነው። ተመስገን ድናለች። ግን እናቴ ራሷን ሲያማት እንኳን ዳማከሴ ጨምቃ ነው የምትጠጣው፣ የታዘዘላትንም አንድ ፍሬ ሳታጎድል ነው የጨረሰችው። ጎረቤት «አዛብታ ወስዳ ነው» እያለ ያማታል። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እንኳን እግዜር ማራቸው። ምንም አላጠፋችሁም፣ ይሄን ለጎረቤትም ንገሪልኝ።

መድኃኒት የሚለምደው የሰው ገላ አደለም፣ ባክቴሪያው ነው፣ ለመደ ማለት መድኃኒቱ አይገድለውም ማለት ነው። የሽንት ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንጀታችን ውስጥ ከሚኖር ኢ ኮላይ ከሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ይሄ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም መስራት አንዴ ከቻለ ችሎታውን ለሚወልዳቸው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለ ለሌላ ዘር ባክቴሪያም ያቀብላል። ስለዚ ክኒን ቀምሶ የማያውቅ ሰውም በጠጣው ውሃ፣ በጨበጠው እጅ፣ በተኛበት አልጋ ሊቀበለው ይችላል። አንጀት ውስጥ ምንም ሳያም ወራት ተቀምጦ አንድ ቀን ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባ ነው ጉዱ የሚታወቀው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ውሃችን በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ሲመጣ ተነስተን ጀሪካኑንም በርሜሉንም እንሞላለን፣ ከዛ ያ ውሃ ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ልጁ ከውጭ ሮጦ ገብቶ በጣሳ ይጨልፋል 4 ጣቱ ውሃው ውስጥ ይነከራል፣ ከሱ ቀጥሎ አያቱ ከዛው ይጠጣሉ። ውሃ ሲያጥር ደግሞ ለወጥና ለቡና የሚሆነው አይጓደልም፣ የሚቀረው ከሽንት ቤት መልስ እጅ መታጠብ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየሽንት ቤቱ የሞላውን ጠርጎ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወስደዋል፣ ባክቴሪያውም አብሮ ይሄዳል።

ሆስፒታሉስ? እኔ በሰራሁበት አንድ ዋርድ፣ ስሙን ልተወው፣ ቧንቧው ደርቆ ለሁላችንም አንድ ጀሪካንና አንድ ጆግ ብቻ የነበረን ጊዜ ነበር። ቁስል ጠርጌ ወደ ቀጣዩ አልጋ ስሄድ እጄ ላይ የሚፈሰው ውሃ መዳፌን እንኳን አያረጥበውም ነበር፣ አስታማሚው ደግሞ አልጋው ስር ሰሌን አንጥፎ ይተኛል። እዛ ቤት ውስጥ ማን ከማን ተቀበለ ብለሽ ትጠይቂያለሽ? እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

«ህዝቡ መድኃኒት እያቋረጠ ነው» ሲባል ስሰማ ሁሌ አንድ አባት ነው ትዝ የሚሉኝ፣ 21 ፍሬ አሞክሳሲሊን ታዞላቸው ፋርማሲው መስኮት ላይ የተጣጠፈ ብራቸውን ቆጥረው «የዛሬንና የነገን ስጡኝ፣ የቀረውን ቅዳሜ ገበያ ስወጣ» ያሉት። ማቋረጥ ጎጂ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን እኚህን ሰው ስለ ማቋረጥ ብትመክሪያቸው ምን ያደርጉታል? የጎደላቸው ምክር አልነበረም። ለኔ የጤና መድን መታወቂያ ራሱ መድኃኒት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ቀላል አደለም፣ በአውሮፓውያን 2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች የተነሳ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተመራማሪዎች ገምተዋል፣ ከህዝብ ቁጥር አንፃር በጣም የተጎዳውም ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። ከተማችን ላይ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከጤና መኮንንና ከኮሚኒቲ ነርስ እኩል ሳኒታሪያን ያሰለጥን ነበር፣ ምንጭና ሽንት ቤት የሚከታተል ባለሙያ ማለት ነው። የዛን ጊዜ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸው ነበር።

አንቺ አሁን የካልቸሩን ወረቀት እንዳትጥይው፣ እናትሽ ሌላ ጊዜ ቢታመሙ መጀመሪያ እሱን አሳዪ፣ ሐኪሙ የማይሰራውን መድኃኒት እየሞከረ ቀን እንዳያባክን። የመጠጥ ውሃውን አፍሉት ወይ ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ በጣሳ መጨለፍ ትታችሁ ከታች ቧንቧ ያለው ባልዲ ብትገዙ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። የተረፈ እንክብል ካለ ለጎረቤት አይሰጥም፣ ለልጅ ጉንፋንም አይሆንም፣ ጉንፋን ቫይረስ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አዘዞ 200 ዶሮ አለኝ። እንዳይታመሙብኝ ብዬ ውሃቸው ላይ ኦክሲ የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ዱቄት እጨምራለሁ፣ ሰውን ይጎዳል እንዴ? ፈንግል እየጨረሰኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ኦክሲ አይነካውም፣ ብርህን ነው የምታፈሰው። የሚከላከለው ክትባት ነው፣ የወረዳችሁን እንስሳት ጤና ባለሙያ አናግር። ሰውን ይጎዳል ወይ ላልከው አዎ ይጎዳል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትሰጣቸው አንጀታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ኩሳቸው ደግሞ ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ጎመኑ ገበያ ይወጣል፣ እላይ የፃፈችልን ልጅ ቤት ይገባል። ባለሙያ አይቶ ሕክምና ካዘዘልህ ግን ስጥ፣ እሽጉ ላይ ስንት ቀን ቆዩ እንደሚል አንብብና ያ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉን አትሽጥ።