ረጅም የቁም ሳጥን በር ሳይጣመም እንዲቆይ

ከሐዋሳ የጻፉልን አናጺ በአንድ አዲስ ቤት ውስጥ ከዋንዛ የቁም ሳጥን በሮች ሠርተዋል። የእያንዳንዱ በር ቁመት 2 ሜትር ከ30፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። በሮቹ ሲገጠሙ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን የአንደኛው የላይኛው ጥግ፣ በእጀታው በኩል፣ ከሳጥኑ አፍ 12 ሚሊ ሜትር ርቆ ቆሟል። የውጭው ፊት ሦስት ጊዜ፣ የውስጡ አንድ ጊዜ ብቻ ቫርኒሽ ተቀብቷል። የሚቀጥሉትን በሮች በ30 ሚሊ ሜትር ጣውላ ቢሠሩ ችግሩ ይወገድ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ውፍረት ይረዳል እንጂ ብቻውን አያድንም። በመጀመሪያ ግን የተጣመመው በሩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወለሉ ካልተስተካከለ ሳጥኑ ራሱ ይጠመዘዝና ቀጥ ያለ በር ጠማማ ይመስላል። በሩን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙትና ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ሲባጎ አጥብቀው ይወጥሩ። ሲባጎዎቹ መሀል ላይ ለጥቂት ከተነካኩ በሩ ደህና ነው። ከተራራቁ ተጠምዝዟል፤ አንዱ ሌላውን ከገፋው ደግሞ የታችኛውን ወደ ላይ አድርገው እንደገና ይለኩ። የአንድ ጥግ መነሣት መሀል ላይ በግማሹ ስለሚታይ፣ የእርስዎ 12 ሚሊ ሜትር በሲባጎዎቹ መካከል 6 ሆኖ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

ጥፋቱ የበሩ ከሆነ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ቫርኒሹ ነው። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል፤ አንዱ ፊት በደንብ ተሸፍኖ ሌላው በስሱ ከተቀባ ሁለቱ ፊቶች እኩል አያብጡም፣ እኩልም አይኮማተሩም። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ለወራት እርጥበት ስለሚተፋ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ሳጥን ውስጡ ይታፈናል፤ የበሩ የውስጥ ፊት ሲያብጥ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ሁለተኛው የጣውላው ድርቀት ነው። ሻጩ «የደረቀ ነው» ማለቱ የተለመደ ስለሆነ በሚዛን መፈተን ይሻላል፤ ከጣውላው መሀል የተቆረጠች 500 ግራም ቁራጭ ሙቀቱ ለዘብ ባለ ምድጃ ውስጥ ቆይታ ክብደቷ መቀነሱን ሲያቆም 400 ግራም ከሆነች እርጥበቱ 25 በመቶ ነበር ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ሥራ ከ10 እስከ 12 በመቶ የደረሰ እንጨት እፈልጋለሁ።

አዲሶቹን በሮች ከአንድ ወጥ ሰፊ ጣውላ ሳይሆን በሁለት ቋሚና በሦስት አግዳሚ ክፈፍ ይሥሯቸው፤ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የበሩ ዕጣ ያለው በቋሚዎቹ ላይ ነው። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ነገር ግን መስመሩ ጠማማ የሆነ፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ወይም የግንዱን እምብርት የያዘ ከሆነ በርዝመቱም ይጎብጣል። ስለዚህ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለውን፣ በቁርጡ ጫፍ ላይ ሲታይ የዕድሜ ቀለበቶቹ ለፊቱ ቀጥ ብለው የቆሙትን ይምረጡ። ከሁለቱ ቋሚዎች የተሻለውን ብዙ አናጺ ማጠፊያው ባለበት በኩል ያደርገዋል፤ እኔ በተቃራኒው አደርጋለሁ። የማጠፊያውን ወገን አራት ማጠፊያዎች ከሳጥኑ ጋር አስረው ቀጥ ያደርጉታል፤ የእጀታውን ወገን ግን የሚይዘው ስለሌለ ምርጡ እንጨት የሚገባው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ካልተገኘ አንዱን ጣውላ በውፍረቱ ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንዱን ግማሽ ራሱን ወደ ግርጌ አዙረው በኮላ ያጣብቋቸው፤ አንዱ ሊጎብጥ ሲል ሌላው ይመልሰዋል።

ቋሚዎቹን በአንድ ቀን ልጎ መጨረስ አይገባም። ከመጨረሻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል አትርፈው ይላጓቸው፤ አየር በሁለቱም ፊት እንዲያልፍ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያደረጉ ይደርድሩና አንድ ሳምንት ይተዉአቸው። መጋዝ ሲገባ ከእንጨቱ ውስጥ የተፈታው ውጥረት ጉብጠቱን ያን ጊዜ ያወጣዋል፣ እርስዎም በቀረው ውፍረት ያቃኑታል። ጎብጦ የተገኘ ቋሚ በሞርሳ ኃይል ቀጥ ብሎ ቢጣበቅ ሞርሳው ሲፈታ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። የመሀሉ ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ፤ በስፋቱ እንዲያብጥ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ቫርኒሹ በሁለቱም ፊትና በጠርዞቹ፣ በተለይም በማይታዩት የላይና የታች ጫፎች፣ እኩል ጊዜ ይቀባ።

የአሁኑን በር ለመጣል አይቸኩሉ። ሳጥኑን ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ያርቁ፤ በሩ ደረቅ ቦታ ከቆየ በኋላ የውስጡን ፊት እንደ ውጭው ይቀቡትና ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ በሲባጎ እንደገና ይለኩት። የጥጉ መነሣት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ማጠፊያዎቹን በማስተካከልና ከላይ ማግኔት በመጨመር ይዘጋል። ከዚያ ከበለጠ በሩ እንደገና መሠራት አለበት።