በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ምን ትሉታላችሁ?

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ የምትመደቡ አዋላጆች። አንድ ቀን ከማረሚያ ቤት የመጣች ሴት ምጥ ይዟት፣ በፖሊስ ታጅባ ክፍላችሁ ትገባለች። ያን ቀን ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ አስቡበት። እኔ አላሰብኩበትም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ እዚሁ ወሎ፤ ቦታውን አልጠራም። ልጅቷ ገና ለጋ ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው። ግራ እጇ በካቴና ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ምጡ በመጣ ቁጥር መገላበጥ ትፈልጋለች፣ ካቴናው ይይዛታል፣ ብረቱ ይንቃጨላል። እኔ "ማርያም ማርያም" እላለሁ፣ አጠገቧ ያለችው አራስ "ያረቢ፣ አንተው ገላግላት" ትላለች። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ፍታት አላልኩትም። ውጣም አላልኩትም። ፈራሁ። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ጠያቂ ስላልነበራት ያቺ አራስ ገንፎዋን አካፈለቻት። አንጓዋ ላይ የቀረው ቀይ ክብ ግን ዛሬም ይታየኛል።

ፖሊሱም ብታመልጥ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ይፈራል፣ ይገባኛል። ግን ምጥ የያዛት ሴት የት ትሄዳለች? በጀርባዋ ታስራ ስትተኛ ማህፀኗ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ ለልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ በጎኗ መዞር አለባት። የልጁ ትከሻ ከተያዘ ወይም ደም ከፈሰሳት ደግሞ ቁልፍ እስኪፈለግ አይጠበቅም። ይህን በጨዋ ቃል ንገሩት። "ወንድሜ፣ ፍታልኝና ከበሩ ውጭ ሁነህ ጠብቅ" በሉት። እምቢ ካለ አለቃውን አስጠሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚናገረው የባንኮክ ደንብ፣ ቁጥር 24 ላይ፣ ሴት በምጥ፣ በወሊድና ወዲያው ከወለደች በኋላ በካቴና አትታሰር ይላል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ ይያዝ ይላል።

"ምን አድርጋ ነው የታሰረችው?" ብላችሁ አትጠይቁ። መድኃኒቱን አይቀይረውም፣ የእናንተን ፊት ግን ይቀይረዋል።

ስለ ሕመሟ ራሷን ጠይቋት፣ አጃቢዋን አይደለም። ሞዴስ እንዳላትም ጠይቁ። ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ጠያቂ የሌላት አንዲት ታራሚ እናት የቀሚሷን ጫፍ እየቀደደች፣ ያለ ሳሙና እያጠበች ትጠቀም ነበር፤ ለወራት እያሳከካት አፍራ ቆይታ ለእኔ የነገረችኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደግሞ ታራሚ እንደ ሌላው ሰው ቀኑን መርጣ አትመጣም። መኪናና አጃቢ ሲገኝላት ነው። ስለዚህ ለክትትል ስትመጣ የደም ማነሱንም፣ የኤችአይቪውንም፣ እርጉዝ ካልሆነችና ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን ጫፍ ካንሰሩንም ምርመራ በዚያው ቀን ጨርሱላት፣ "ነገ ተመለሽ" አትበሏት። ቀጠሮ ካላትም ካርዱ ላይ ጻፉና ማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ላለችው ነርስ ራሳችሁ ደውሉ። ቀኑ ሲቃረብም እንደገና ደውሉላት።